ከመስመሩ ማዶ የሚጮኸው እምነት፦ የአየርላንድ የጌሊክ ጨዋታዎችና የልጆች ስፖርት

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአየርላንድ የገጠር ሰበካዎች በአንዱ። የራስ ቁር ያጠለቁ የዘጠኝና የዐሥር ዓመት ልጆች ጫፉ ሰፋ ያለ የእንጨት ዱላ ይዘው ትንሽ ኳስ ያሳድዳሉ። ኳሷ ከአንዱ ልጅ እግር ሥር ስትደርስ ከመስመሩ ውጪ ሦስት ድምፅ እኩል ይወጣል። አባቱ «ምታት!» ይላል፤ አሠልጣኙ «አንሣት!» ይላል፤ የሌላ ልጅ እናት ደግሞ «አቀብል እንጂ!» ትላለች። ልጁ የማንን እንደሚሰማ ግራ ገብቶት ቀና ሲል ኳሷ ተወስዳለች። ቀጥሎ የሚሰማው የሦስቱም ሰዎች የብስጭት ድምፅ ነው።

በሥራው የተከበረ፣ በሰፈሩ ጨዋ የሚባል ሰው የልጅ ጨዋታ ዳር ሲቆም ምን ይነካዋል? የተለመደው መልስ «የምግባር ጉድለት ነው» የሚል ነው፤ መድኃኒቱም ምክር፣ ፖስተርና የሥነ ምግባር ደንብ ይሆናል። ጉዳዩን ከሥሩ ለተመለከተው ግን አብዛኛው ጩኸት ከክፋት አይመነጭም። የሚመነጨው ስለ ተሰጥኦ፣ ስለ ማሸነፍና ስለ ዳኛ ከያዝናቸው የተሳሳቱ እምነቶች ነው። «ልጄ ዛሬ ካልታየ ነገ አይታይም» ብሎ ለሚያምን አባት ዝምታ ልጁን እንደ መበደል ይቆጠራል። ምክርም እንዲህ ያለውን እምነት እምብዛም አይነቀንቀውም።

ጎረቤት በጎረቤት ላይ

የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር የተመሠረተው በ1884 (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቲፐራሪ አውራጃ፣ ተርልስ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሆቴል ነው። ዋና ዋናዎቹ ጨዋታዎች ኸርሊንግና የጌሊክ እግር ኳስ ሲሆኑ፣ ሴቶች የሚጫወቱት ኸርሊንግ ካሞጊ ይባላል። በየወገኑ 15 ተጫዋች ይሰለፋል። ኳሷ ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ ከገባች ሦስት ነጥብ፣ ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ካለፈች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነጥብ ታስገኛለች። የፍጻሜ ውድድር የሚካሄድበት የደብሊኑ ክሮክ ፓርክ ከ82 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። ሆኖም እሑድ እዚያ ዋንጫ ያነሣ ሰው ሰኞ ጠዋት ወደ መምህርነቱ ወይም ወደ እርሻው ይመለሳል፤ ጨዋታው የአማተር ነውና ደመወዝ የለውም።

ክለቡ የሰበካ ነው። ልጁን የሚያሠለጥነው የአንዱ ተጫዋች አባት ወይም እናት ነው። ዳኛው የመጓጓዣ ወጪውን ቢተካለት ነው እንጂ ከዳኝነት የሚተዳደር ሰው አይደለም። ከጎሉ ቋሚዎች አጠገብ ነጭ ካፖርት ለብሰው ባንዲራ የሚያውለበልቡት አራቱ ሰዎችም ብዙውን ጊዜ ዳኛው ራሱ ይዟቸው የሚመጣ ወዳጆቹና ዘመዶቹ ናቸው። ሁሉም ይተዋወቃል። ይህ ትውውቅ የጨዋታው ጉልበት ነው፤ ቂሙንም ከዓመት ዓመት የሚያሻግረው እሱው ነው።

ኸርሊንግን ለእኛ አንባቢ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ገና ጨዋታ አለልን። ቆልማማ ዱላ፣ የምትመታ ሩር፣ መንደር ከመንደር መፎካከር ሁሉም አለ። በገና ጨዋታ ጌታም ቢሆን እንደማይቆጣ ብሂላችን ያስጠነቅቃል። ብሂሉ ግፊያውንና ስድቡን አይከለክልም፤ የሚያደርገው ነገር ለግለቱ ቀን ቆርጦ መስጠት ነው። ገናው ሲያልፍ ጌታው ጌታ፣ አሽከሩም አሽከር ይሆናል። የዘመኑ የልጆች ስፖርት ይህን ድንበር አጥቷል። ውድድሩ በየሳምንቱ ነው፤ የደረጃ ሰንጠረዥ አለው፤ የሚያስከትለው ቁጣም ወደ ቤት በሚመልሰው መኪና ውስጥ ይቀጥላል።

የአምስት ዓመቱ ጀግና

የመጀመሪያው እምነት «ተሰጥኦ ያለው ልጅ ገና ከጥዋቱ ይታወቃል» የሚለው ነው። አየርላንድ ለዚህ የቆየ አፈ ታሪክ አላት። ሴታንታ የተባለው ልጅ፣ በኋላ ኩ ኹሊን የተሰኘው ጀግና፣ በአምስት ዓመቱ ዱላና ኳሱን ይዞ ብቻውን ወደ ንጉሡ ከተማ ይሄዳል፤ እዚያ የሚጫወቱትን 150 ልጆችም ብቻውን ያሸንፋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንጥረኛው ኩላን ያሳደገውን አስፈሪ ውሻ ይገድላል። ተረቱ ውብ ነው፤ ልጅን መመልመያ ሲሆን ግን ያስታል።

በካናዳ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ በ1980ዎቹ የወጡ ጥናቶች አንድ የሚገርም ነገር አሳይተዋል፤ በታላላቅ የወጣት ቡድኖች ውስጥ በጥር፣ በየካቲትና በመጋቢት የተወለዱት በዓመቱ መጨረሻ ከተወለዱት እጅግ ይበዙ ነበር። ምክንያቱ የዕድሜ መቁጠሪያው ጥር 1 መጀመሩ ነው። የጥር ልጅ ከታኅሣሥ ልጅ ጋር «እኩያ» ተብሎ ሲሰለፍ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ብልጫ ይዞ ይገባል። ዐሥር ዓመት ላይ ይህ የቁመት፣ የጉልበትና የማስተዋል ልዩነት ነው። አሠልጣኙ ቀድሞ ያደገውን «ጎበዝ» ይለዋል፤ የተሻለ ሥልጠናና ብዙ የጨዋታ ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ስለዚህም በእርግጥ እየጎበዘ ይሄዳል። ዘግይቶ የሚያድገው ልጅ ተቀያሪ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ «እኔ አልችልም» የሚለውን ይማራል። በአሥራ ሦስት ዓመት ዕድሜ በጉርምስና ምክንያት የሚመጣው የአካል ልዩነት ደግሞ በወራት ሳይሆን በዓመታት የሚለካ ነው።

በሌሎች አገሮች ስፖርት የታየው ይህ ዝንባሌ ዕድሜን ከጥር 1 በሚቆጥረው የጌሊክ ማኅበርም ውስጥ ቢታይ አይገርምም። ከመስመሩ ዳር «እሱን ትልቁን ልጅ አስገባው!» የሚለው ጩኸትም የዚሁ እምነት ልጅ ነው፤ የልደት ወርን ከተሰጥኦ ጋር ያምታታል።

አንድ ልጅ፣ አንድ ጨዋታ

ሁለተኛው እምነት «አንዱን ቀድሞ የያዘ ቀድሞ ይደርሳል» የሚለው ነው። በአየርላንድ ይህ እስከ 1971 ድረስ የተጻፈ ሕግ ነበር። የማኅበሩ አባላት እግር ኳስ፣ ራግቢና ክሪኬትን የመሰሉ «የባዕድ ጨዋታዎችን» መጫወት ቀርቶ ቆመው ማየት እንኳ ተከልክለው ነበር። በ1938 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዳግላስ ኃይድ የእግር ኳስ ግጥሚያ ተመልክተዋል ተብለው ከማኅበሩ የበላይ ጠባቂነት ተሰርዘዋል። ያ እገዳ ምክንያቱ ፖለቲካና ብሔራዊ ስሜት ነበር። ዛሬ ሕጉ የለም፤ በቦታው ግን የሥልጠና መርሐ ግብር ገብቷል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ማክሰኞም ሐሙስም እሑድም አንዱን ጨዋታ ብቻ እንዲጫወት ሲደረግ ውጤቱ ከቀድሞው ብዙም አይለይም።

የእምነቱ የዘመኑ ልብስ 10 ሺህ ሰዓት የተለማመደ የላቀ ባለሙያ ይሆናል የሚለው «የ10 ሺህ ሰዓት ሕግ» ነው። መነሻው አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በ1993 በበርሊን ቫዮሊን ተጫዋቾች ላይ ያወጡት ጥናት ነው፤ በ2008 በማልኮም ግላድዌል መጽሐፍ ዓለምን አዳረሰ። ኤሪክሰን ራሱ «እንዲህ ያለ ሕግ አላወጣሁም» ሲል ተከራክሯል። ከዚያ በኋላ አርነ ጉሊክና ባልደረቦቹ በ2022 ያሳተሙት ሰፊ የጥናቶች ድምር በሺዎች የሚቆጠሩ ስፖርተኞችን አነጻጽሮ ተቃራኒውን አግኝቷል። ለዓለም አቀፍ ደረጃ የበቁት አዋቂዎች በልጅነታቸው ብዙ ዓይነት ስፖርት የሞከሩ፣ ዋናውን ዘግይተው የጀመሩና መጀመሪያ ላይ እድገታቸው ቀስ ያለ ነበሩ። በታዳጊነታቸው የደመቁት ደግሞ ቀድመው በአንዱ የጸኑት ናቸው። ስለዚህ ከ12 ዓመት በታች ዋንጫ የሚያስገኘው መንገድና ለአዋቂነት የሚያበቃው መንገድ አንድ አይደሉም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2016 በአንድ ስፖርት መጽናት እስከ 15 ወይም 16 ዓመት ቢዘገይ እንደሚሻል የመከረው ከጉዳትና ከመሰላቸት ጋር አያይዞ ነው።

ከአየርላንድ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ኬቪን ሞራን በ1976 እና በ1977 ከደብሊን ጋር የመላ አየርላንድ የጌሊክ እግር ኳስ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ከዚያም ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ተሻግሮ የኤፍ ኤ ዋንጫ በ1983 እና በ1985 አንሥቷል።

ይህን ጥድፊያ አይተው «ገንዘብ ነው ወላጁን የሚያሳብደው» የሚሉ አሉ፤ በአሜሪካ ለዚህ ማስረጃ አይጠፋም። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በዳላስ ልጁን ለክፍያ ክለብ ያስመዘገበ የእኛ ሰው ሳይቀር በሆዱ የኮሌጅ ስኮላርሺፕ ሊያስብ ይችላል፤ ብሔራዊው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ግን የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚያገኙት ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስፖርተኞች መካከል ሁለት በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ይናገራል። የአየርላንድ ጉዳይ ይህን ማብራሪያ ያከሽፈዋል። በጌሊክ ጨዋታ ደመወዝም የዝውውር ገበያም የለም፤ ጩኸቱ ግን አለ። ገንዘብ በሌለበት የሚጮኸው ክብር ነው፤ የቤተሰብ ስምና የሰበካ ማሊያ።

ጩኸት ያስተምራል?

ሦስተኛው እምነት በመግቢያው ያየናቸውን ሦስት ሰዎች የሚያስጮኸው ነው፤ «ካልነገርኩት እንዴት ያውቃል?»። ኳስ ጨዋታ ግን በውሳኔ የተሞላ ነው። ልጁ አይቶ፣ መርጦና ፈጽሞ ነው የሚማረው። ትእዛዙ ከውጭ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይነጠቁና ፈጻሚ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ትእዛዙ የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ ዕድሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ልጆቹ ራሳቸው ምን ይላሉ? በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በአማንዳ ቪሴክ የተመራ የ2014 ጥናት የእግር ኳስ ታዳጊዎችን «ጨዋታ ምኑ ያስደስታል?» ብሎ ጠይቆ 81 ምክንያቶችን ሰብስቧል። በአናቱ የተቀመጡት በጨዋነት መጫወት፣ መጣርና የአሠልጣኝ መልካም አያያዝ ናቸው። ማሸነፍ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ግን ከእነዚህ ብዙ ደረጃ ዝቅ ብሎ።

ዳኛው ለማን ወገነ?

አራተኛው እምነት ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ነው፤ «ዳኛ ካልተጮኸበት ያዳላል»። እዚህ ላይ እውነቱን መሸሸግ አይገባም፤ ጩኸት ይሠራል። ኔቪልና ባልደረቦቹ በ2002 ባሳተሙት ሙከራ 40 ዳኞች ሊቨርፑል በሜዳው ከሌስተር ጋር ካደረገው ጨዋታ የተወሰዱ 47 ግጭቶችን በቪዲዮ እንዲዳኙ ተደረገ፤ ግማሾቹ ከነጩኸቱ፣ ግማሾቹ በጸጥታ። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ላይ የነፉት ጥፋት ጸጥታ ውስጥ ከነበሩት በ15 በመቶ ያህል ያነሰ ነበር። ጮኾ ዳኛ የሚያስፈራራ ወላጅ እንግዲህ ሞኝ አይደለም፤ ፍትሕ እየሰረቀ ነው። በሌላው ወገንም እንደ እሱ ያለ ወላጅ አለና ሁለቱም ሲጮኹ የሚቀረው የዳኛው ጉዳት ብቻ ነው።

ጉዳቱ ተረት አይደለም። በታኅሣሥ 2012 መግቢያ ላይ በሆላንድ አልሜረ ከተማ የልጁን የታዳጊዎች ጨዋታ በመስመር ዳኝነት ያገለግል የነበረ አባት ከጨዋታው በኋላ በተጋጣሚ ቡድን ታዳጊዎች ተደብድቦ በማግሥቱ ሞተ። ታዳጊዎቹና የአንዱ ተጫዋች አባት ተፈርዶባቸዋል፤ የአገሪቱ ፌዴሬሽንም በተከታዩ ሳምንት መጨረሻ የአማተር ጨዋታዎችን ሁሉ ሰርዟል። በጥቅምት 2022 ደግሞ በአየርላንድ ሮስኮመን አውራጃ በአንድ የታዳጊዎች የጌሊክ ጨዋታ ላይ ዳኛ ተጠቅቶ ሆስፒታል ገባ፤ በአውራጃው ሊካሄዱ የነበሩ ጨዋታዎችም ታገዱ። በቀጣዩ ወር በሰሜን ደብሊን የልጆች እግር ኳስ ሊግ ዳኞች ስድቡና ማስፈራሪያው በዝቶብናል ብለው ለአንድ ሳምንት መጨረሻ ፉጨታቸውን አስቀመጡ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጨዋታዎች ቀሩ።

በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስፖርት ፌዴሬሽን ከ2018 እስከ 2022 ባለው ጊዜ 50 ሺህ ያህል ዳኞችን አጥቷል። የኮቪድ ወረርሽኝ ድርሻ ቢኖረውም፣ የሚለቁት ደጋግመው የሚያነሡት ምክንያት ስድቡ ነው። «ዳኛ ጠፋ» እያለ የሚያማርረው ሜዳና «ዳኛውን አስወጡት» የሚለው ሜዳ አንድ ሜዳ ነው።

የደጋጎቹም ተረት

ስለ ጉዳዩ የሚሰብኩትም የራሳቸው ተረት አላቸው። «70 በመቶ የሚሆኑ ልጆች 13 ዓመት ሳይሞላቸው ስፖርት ይተዋሉ» የሚለው ቁጥር በየስብሰባው ይጠቀሳል፤ ከጀርባው ግን ጠንካራ ጥናት የለም። ልጆች ከአንዱ ስፖርት ወደ ሌላው ይሸጋገራሉና አንዱን መተው ስፖርትን መተው አይደለም። «ልጆች ስለ ውጤት ግድ የላቸውም» የሚለውም ልክ አይደለም። የነጥብ ሰሌዳውን ብታነሣው ልጆቹ በልባቸው ይቆጥራሉ፤ ልዩነቱ ውጤቱን ወደ ሰንጠረዥና ወደ ወላጅ ኩራት የሚቀይረው አዋቂ አለመኖሩ ነው።

«ዝምተኛ ሳምንት» የሚባለው፣ ወላጆች ጭብጨባ ብቻ እንዲያሰሙ የሚጠየቁበት ልማድም እንዲሁ መታየት አለበት። ከአሜሪካ ተነሥቶ ወደ ብዙ አገር ተዛምቷል፤ ለጊዜው መስተዋት ሆኖ ወላጁ የራሱን ድምፅ እንዲሰማ ያደርገዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ያው ሰው ያው እምነት ይዞ ይመለሳል።

እምነት በማስረጃ ብቻ እንደማይሞት የማዮ አውራጃ ታሪክ ያሳያል። የ1951 የመላ አየርላንድ ሻምፒዮኖች በድል ሲመለሱ በፎክስፎርድ ከተማ የቀብር ሰልፍ አቋርጠው በማለፋቸው ከቡድኑ አንድም ሰው በሕይወት እስካለ ማዮ ዳግም እንዳያሸንፍ ተረገመ ይባላል። ለእርግማኑ የተጨበጠ ማስረጃ የለም። ከ1989 እስከ 2021 ማዮ 11 ጊዜ ፍጻሜ ደርሶ ሲሸነፍ ግን ወሬው ጠነከረ። የቡድኑ የመጨረሻ ሰው ፓዲ ፕረንደርጋስት በመስከረም 2021 አረፉ፤ እርግማኑ በራሱ ውል መሠረት አበቃ። ዋንጫው እስከ 2025 አልመጣም፤ ስለ እርግማኑ የሚወራው ደግሞ አልቆመም።

ታዲያ ምን ሠራ?

የተሳካላቸው ሥራዎች አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው፤ የወላጁን ልብ ከመለወጥ በፊት የጨዋታውን ሁኔታ ለውጠዋል።

በአየርላንድ «ጎ ጌምስ» የሚባለው አሠራር እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ሜዳውን አሳጥሯል፤ የተጫዋቹን ቁጥር ቀንሷል፤ እያንዳንዱ ልጅ ሙሉ ጨዋታ እንዲጫወትም አድርጓል፤ ሊግና ዋንጫ የለም። ዋንጫ ሳይኖር ዋንጫ እንደቀረበት የሚጮኽ ወላጅ አይጠፋም፤ ነገር ግን «ልጄን ለምን አላስገባኸውም?» የሚለው የጥል ምንጭ ደርቋል። ኖርዌይ ከ1987 ጀምሮ በልጆች ስፖርት ደንቧ እስከ 11 ዓመት የደረጃ ሰንጠረዥ፣ እስከ 13 ዓመት የአገር አቀፍ ሻምፒዮና አትፈቅድም። ይህች 5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት አገር በ2022 የቤጂንግ ክረምት ኦሎምፒክ 16 ወርቅ ወስዳለች። ወርቁ ከደንቡ መጣ ማለት ድፍረት ይሆናል፤ የበረዶ ባህሏም ሀብቷም ድርሻ አላቸው። «ልጅ ካልተወዳደረ ይልፈሰፈሳል» ለሚለው ግን በቂ ምላሽ ነው።

በአዋቂዎች ደረጃ ከሁሉ ግልጽ የሆነው ምሳሌ ከ2025 የመጣ ነው። በቀድሞው የደብሊን አሠልጣኝ ጂም ጋቪን የተመራ ኮሚቴ ለጌሊክ እግር ኳስ አዳዲስ ሕጎች አቀረበ። ከእነሱ አንዱ ዳኛውን የሚያናግረው አምበሉ ብቻ እንዲሆን ያዛል። ሌላው ደግሞ ቅጣት ሲነፋ ኳሷን ለተጋጣሚ ወዲያው ያላስረከበ ወይም ዳኛውን የተቃወመ ቡድን ቅጣቱ 50 ሜትር ወደፊት እንዲገፋበት ይደነግጋል። ኳሷን ለማዘግየት ወደ ጎን የሚወረውር፣ ዳኛውን ከቦ የሚጮህ ተጫዋች ቀድሞም ይቀጣ ነበር፤ ቅጣቱ ግን አጭር ስለነበር ይቻል ነበር። 50 ሜትር ሲሆን ከሜዳው መሐል የነበረው ቅጣት ወደ ጎሉ ፊት ይመጣና አንድ ቃል ነጥብ ያስከፍላል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተጫዋቾች ኳሷን በሁለት እጅ ማስረከብ ጀመሩ። ማንም በአዲስ መንፈስ አልተወለደም፤ ጭቅጭቅ ውድ ሆነ እንጂ።

ለልጆች ሜዳ የሚወሰደው ትምህርት ይኸው ነው። ተመልካቹን ከመስመሩ በገመድ ማራቅ (እንግሊዝ ከ2008 ጀምሮ እንደሞከረችው)፣ ከሜዳው ዳር መናገር የሚችለውን አንድ አሠልጣኝ ብቻ ማድረግ፣ ወላጅ ሲሳደብ ጨዋታውን አቁሞ ጥፋቱን በክለቡ ላይ መቁጠር። ልጆችን በልደት ወር ሳይሆን በአካል እድገት ማቧደንም በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አካዳሚዎች ተሞክሯል። እነዚህ ሁሉ የሚነኩት ጩኸቱ የሚያስገኘውን ጥቅም ነው። ጥቅሙ ከቀረ እምነቱ ቀስ በቀስ ይሸረሸራል፤ ልጁ ያለ ትእዛዝ ኳሷን አንሥቶ ሲያቀብል ያየ አባት «ካልነገርኩት አያውቅም» ማለት ይከብደዋልና።

ከአየርላንድ የሚቀረው ጥያቄ የድፍረት ነው። ክለቡ ሁሉም የሚተዋወቅበት ሰበካ ነው፤ ተሳዳቢውን የሚቀጣው ኮሚቴ አባል በማግሥቱ ከእሱ ጋር በአንድ ሱቅ ይሸምታል። ደንቡ ተጽፏል፤ የልጆች ጉዳይ ኃላፊም በየክለቡ ተሹሟል። ቀጣዩ ተሻሽሎ የሚወጣ ደንብ ሳይሆን፣ ያለውን ደንብ በጎረቤቱ ላይ ለመጠቀም የሚደፍር ጎረቤት ነው የሚጎድለው። ያንን ድፍረት ለአንድ በጎ ፈቃደኛ ትከሻ ከመተው፣ ቅጣቱን ከአውራጃ በሚመጣ ሰው እጅ ማድረግ ይቻላል፤ ጥፋተኛው የሚቆጣበት ጎረቤት ከሌለ ቂሙም ማረፊያ ያጣል።